ቀበሮና ጅብ ብንገድል የእብድ ውሻ በሽታ ይቆማል? የጣና ወፎችስ ፈንግል ያመጣሉ?

ጮቄ ግርጌ (ጠያቂ)፦

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከምሥራቅ ጎጃም፣ ከጮቄ ተራራ ሥር ነው። ሰሞኑን በቀበሌያችን አንድ ውሻ አብዶ ሰው ነከሰ፣ አንዲት ጥጃም ነክሷል። ሰዎቹ ወዲያው ጤና ጣቢያ ሄደው ክትባት ጀምረዋል፣ ተመስገን። ውሻውም ተገድሏል። ጣጣው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ትልልቆቹ ሰዎች «በሽታውን ያመጣችው ከላይ የወረደች ቀበሮ ናት» ይላሉ። ወጣቶቹ ይሄን ሰምተው ቀበሮውንም ጅቡንም እንጨርስ፣ ጥንብ ላይ መርዝ እናድርግ ብለው ተነስተዋል። ለቅዳሜ ተቀጣጥረዋል።

እኔ ልቤ አልተቀበለውም። የኛ ከብትና የኛ ውሻ እኮ በጋውን ላይ ጓሳው ውስጥ ነው የሚውለው። ማን ከማን እንደያዘው በምን እናውቃለን? አውሬ ከቦታ ቦታ ሲሄድ በሽታ ያዛምታል የሚባለው ምን ያህል እውነት ነው? ብንገድላቸውስ ይቆማል?

ሌላም አለ። እህቴ ባሕር ዳር አጠገብ ዶሮ ታረባለች። ፈንግል እየገባ ይጨርስባታል። እሷ ጥፋተኛ የምታደርገው ጣና ላይ የሚያርፉትን ወፎች ነው፣ ከአውሮፓ ድረስ ስለሚመጡ። ይሄስ እውነት ነው? የምታውቁ እባካችሁ ዘርዘር አድርጋችሁ ጻፉልኝ። ከቅዳሜ በፊት ለሰፈሩ ሰው ላነብላቸው ነው።

የከብት ሐኪም ከማርቆስ፦

ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት መርዙን አስቁም። ሌላው ይደርሳል። ጥንብ ላይ የተደረገ መርዝ የታመመውን ከጤነኛው አይለይም። ጥንብ አንሳው ይሞታል፣ አሞራው ይሞታል፣ የጎረቤትህ ውሻ ይሞታል። ጥንብ አንሳ ሲያልቅ ምን እንደሚመጣ ደግሞ ህንድ ውስጥ ታይቷል። እዚያ ለከብት የሚሰጥ ዳይክሎፌናክ የሚባል የሕመም ማስታገሻ ነበር። መድኃኒቱ የተሰጠው ከብት ሲሞት ሥጋውን የበሉት ጥንብ አንሳዎች ኩላሊታቸው እየተበላሸ ያልቁ ጀመር። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ወዲህ በዋና ዋናዎቹ ዝርያዎች ከመቶ ከ95 በላይ የሚሆኑት ጠፉ። ጥንቡን የወረሰው ባለቤት የሌለው ውሻ ነው። ውሻው በዛ፣ ንክሻውም በዛ። እናንተም እብድ ውሻን ፈርታችሁ ውሻ የሚያበዛ ሥራ እንዳትሠሩ።

ሁለተኛ ጥጃዋ። ለብቻዋ እሰሯት። አርዳችሁ እንዳትበሉ፣ ለገበያም እንዳትወጣ። በሚቀጥሉት ሳምንታትና ወራት ለሃጭ ከዝረበረበች ወይም ድምፅዋ ተለውጦ ደጋግማ ከጮኸች «ጉሮሮዋ ላይ የሆነ ነገር ተሰንቅሯል» ብሎ እጁን አፏ ውስጥ የሚከት ሰው እንዳይኖር። ይሄን የምለው ከብት አሳቢ የሆነ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ይሄንኑ ስለሆነ ነው። ለወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ዛሬውኑ ንገሩ። ገና ያልታወቀ የተነከሰ ሰው ካለ ደግሞ ቁስሉን በሚፈስ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል ይጠበና ቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ጸበሉም ቢሆን ከክትባቱ ጋር ይሁን፣ ክትባቱን አይተካም። ምልክቱ አንዴ ከታየ ሰው አይተርፍም ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ጥያቄህ። ቀበሮ በእብድ ውሻ በሽታ ትያዛለች? አዎ። ጅብም ይያዛል። ትነክሳለች? አዎ። ግን በሽታውን ከዓመት ዓመት አቆይቶ የሚያዘልቀው ውሻ ነው። በዓለም ላይ ሰው ከሚያዘው የእብድ ውሻ በሽታ እስከ 99 በመቶ የሚሆነው የሚመጣው ከውሻ ነው። ቫይረሱ በንክሻ ይገባል፣ በነርቭ መስመር ቀስ እያለ ወደ አንጎል ይጓዛል፣ ይሄ ጉዞ ሳምንታት ወይም ወራት ይፈጃል። አንጎል ከደረሰ በኋላ ወደ ምራቅ ይወርዳል። እንስሳው ጠባዩ የሚለወጠው ያኔ ነው። ቤቱን ጥሎ ይጠፋል፣ ኪሎ ሜትሮችን ያቆራርጣል፣ ያገኘውን ሁሉ ይነክሳል። ስለዚህ አዎ፣ እንቅስቃሴ በሽታውን ያዛምታል። በሽታው ራሱ እንስሳውን እያስኬደ ነው የሚዛመተው።

የባሌን ታሪክ ልንገርህ፣ ለናንተ በጣም ይቀርባል። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ያለችው ኢትዮጵያ ብቻ ነው፣ ለአካለ መጠን የደረሱት ከ500 አይበልጡም። አብዛኞቹ ባሌ ናቸው። እዚያ የእብድ ውሻ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1991፣ በ2003፣ በ2008 እና በ2014 ገብቶባቸዋል። በ2003 ዌብ ሸለቆ ውስጥ ከነበሩት ሦስት አራተኛ ያህሉን ጨረሰ። በሽታውን የወሰደላቸው ማነው? ከከብት ጋር ወደ ላይ የወጣ የእረኛ ውሻ። እዚያም እንደናንተ በወቅቱ ከብት ወደ ተራራው ይወጣል፣ ውሻም ይከተላል። ቀበሮዎቹ በቤተሰብ ነው የሚኖሩት፣ ሰላምታ ሲሰጣጡ ይላላሳሉ፣ አንዷ ከታመመች መንጋው በሙሉ ይያዛል።

ያኔ የተደረገው ነገር ነው ለኔ ትልቁ ትምህርት። ከአንዱ ሸለቆ ወደ ሌላው የሚያሻግሩት መተላለፊያዎች ጠባብ ናቸው። ባለሙያዎቹ ሁሉንም ቀበሮ ለመከተብ አልሞከሩም። መተላለፊያው ላይና ዙሪያው ያሉትን እየያዙ ከተቡ። በሽታው ወደ ሌሎቹ ሸለቆዎች የሚሻገርበት መንገድ ተዘጋ። እንስሳው በየት በየት እንደሚሄድ ስለታወቀ በጥቂት ክትባት ብዙ ማዳን ተቻለ። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ደግሞ በሥጋ ውስጥ ተደርጎ የሚበላ ክትባት እየተሰጣቸው ነው።

ጮቄ ላይም እኮ ቀይ ቀበሮ ነበረች። አሁን የለችም። እርሻው ገብስና ድንች ይዞ ወደ ላይ ሲወጣ ጓሳው ጠበበ፣ እሷም ጠፋች። ዛሬ ትልልቆቹ ሰዎች የሚሏት ቀበሮ ተራዋ ቀበሮ መሆን አለባት። እሷ ናት የነከሰችው ቢባል እንኳ፣ እሷን የነከሳት ማነው ብላችሁ ጠይቁ።

አባይ ማዶ፦

ይቅርታ ግን ይሄ ሁሉ ከሩቅ ሆኖ ለሚያወራ ሰው ይቀላል። እኛ ጋ ጅብ በረት ሰብሮ በግ ይወስዳል። ባለፈው ክረምት የጎረቤቴን አህያ ከደጁ ነው የበላበት። የታመመ አውሬ ከሞተ በሽታውም አብሮት ይሞታል። ሂሳቡ ቀላል ነው። ወጣቶቹ ይውጡ፣ እኔ ብሆን አብሬ እወጣ ነበር።

የዱር እንስሳት ተማሪ፦

ጋሼ፣ በጉንም አህያውንም ያጣ ሰው ቢቆጣ አልፈርድበትም። በረት ማጠንከር፣ እሾህ ማጠር፣ ማታ ውጭ አለማሳደር፣ እሱ ላይ አብረን እንሥራ። ሂሳቡ ግን እንዳሉት አይሄድም። ይሄን እንግሊዞች በትልቅ ወጪ ፈትነውታል።

እዚያ ባጀር የሚባል ጉድጓድ ውስጥ የሚኖር እንስሳ አለ። የከብት ሳንባ ነቀርሳ ይይዘዋል፣ ለከብትም ያስተላልፋል። ገበሬዎቹ ይገደልልን አሉ። እውነታቸውን ነበር፣ ባጀሩ በእርግጥ በሽታው ነበረበት። መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ለዓመታት የቆየ ሙከራ አደረገ፤ አንዳንድ አካባቢ ገደሉ፣ አንዳንድ አካባቢ ተዉ፣ ከዚያ አወዳደሩ። 11,000 ያህል ባጀር ተገደለ። በተገደለበት ቦታ ውስጥ የከብቱ በሽታ ቀነሰ። ከዚያ ቦታ ዙሪያ ባሉት እርሻዎች ግን ጨመረ!

ለምን? ባጀር ሳይነኩት በቤተሰብ ተከፋፍሎ ድንበሩን ጠብቆ ነው የሚኖረው። ብዙ አይሄድም። ግማሹ ሲገደል ድንበሩ ፈረሰ። የቀሩት ባዶውን ቦታ ፍለጋ ወዲህ ወዲያ ማለት ጀመሩ፣ ከማያውቋቸው ተገናኙ፣ ተናከሱ፣ በሽታውን ይዘው ራቅ ካለ ከብት ጋር ደረሱ። መግደሉ ራሱ እንቅስቃሴ ፈጠረ።

ጅብም ባለድንበር ነው። በመንጋ ይኖራል፣ የሌላ መንጋ ጅብ ሲመጣበት ያባርራል። የሰፈራችሁን ጅብ ስትጨርሱት ቦታው ባዶ አይሆንም፤ ቆሻሻውና ጥንቡ እስካለ ድረስ ከሌላ ቦታ ይመጣል። የመጣው ከየት እንደሆነና ምን ይዞ እንደሆነ አታውቁም። ውሻም እንደዚያው ነው። በየከተማው ውሻ በጅምላ ይገደላል፣ ብዙም ሳይቆይ አዲስ ውሻና አዲስ ቡችላ ቦታውን ይይዛል። ያውም ካልተከተበ። የተከተቡትንም አብረን ስለምንገድል የነበረውን መከላከያ በገዛ እጃችን እናፈርሰዋለን። እኔን በጣም የሚያበሳጨኝ ይሄ ነው።

ጣና ዳር፦

የወፎቹን ነገር ለኔ ተዉልኝ፣ በየዓመቱ ከጥቅምት ጀምሮ እነሱን ስከታተል ነው የምውለው።

እህትህ ወፎቹ ከሩቅ ይመጣሉ ማለቷ ትክክል ናት። ክሬን የሚባሉት ረጃጅም ግራጫ ወፎች ከፊንላንድና ከምዕራብ ሩሲያ ተነስተው፣ በዩክሬንና በእስራኤል በኩል አድርገው እዚህ ይደርሳሉ። መከታተያ ታስሮባቸው የሄዱበት መንገድ ታይቷል። ዳክዬውም ብዙ ዓይነት አለ። ማታ ውሃው ዳር ያድራሉ፣ ቀን የታጨደ ማሳ ላይ ይለቅማሉ። የወፍ ጉንፋን የሚባለውንም መሸከም ይችላሉ፣ ይሄን መደበቅ አያስፈልግም።

ግን እስራኤል ውስጥ የሆነውን ስሙ። ሁላ የሚባል ሸለቆ አለ፣ የነዚሁ ክሬኖች ማረፊያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ ላይ የወፍ ጉንፋን ገብቶ ከ5,000 በላይ ክሬን ገደለ። በዚያው ሰሞን አካባቢው ላይ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ዶሮ እንዲወገድ ተደርጓል። ወፎቹ እዚያ እንደዚያ ተጨናንቀው የተገኙት ለምንድን ነው? የገበሬውን ማሳ እንዳይበሉ በቆሎ ይበተንላቸው ነበር። ምግብ ሲያገኙ ብዙዎቹ ወደ ደቡብ መሄዱን ትተው እዚያው መክረም ጀመሩ። አሥር ሺዎች በአንድ ሐይቅ ዳር፣ አንድ ውሃ እየጠጡ፣ አንዱ በሌላው ኩስ ላይ እየቆመ። በሽታ ሲገባ ምን ይጠበቃል?

ስለዚህ እኔ «ወፍ ስለሚሄድ ነው» የሚለውን ብቻውን አልቀበለውም። መሄድ አንዳንዴ ያድናል። ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ሞናርክ የሚባል ቢራቢሮ አለ፣ እስከ 4,000 ኪሎ ሜትር በርሮ ሜክሲኮ የሚከርም። ጥገኛ ተሕዋስ ይይዘዋል። ክፉኛ የተያዘው ረጅሙን በረራ አይችለውም፣ መንገድ ላይ ይቀራል። የሚደርሰው ጤነኛው ነው። የቆዩበት ቅጠልም ተትቶ ስለሚኬድ ይጸዳል። ሰዎች በየግቢያቸው ዓመቱን ሙሉ የማይረግፍ ተክል ሲተክሉላቸው ግን አንዳንዶቹ መሄድ ተዉ፤ ባሉበት የሚቀሩት ላይ ጥገኛው እጅግ በዝቶ ተገኘ። ሆላንድ ውስጥ ደግሞ ቀለል ባለው የወፍ ጉንፋን የተያዙ ስዋን የሚባሉ ነጫጭ ትልልቅ ወፎች ከጓደኞቻቸው ዘግይተው ጉዞ ሲጀምሩ ታይቷል። የታመመ ወፍ እንደ ጤነኛው አይበርም።

አሁን ፈንግል። ለእህትህ እንዲህ በላት፦ ፈንግል የሌላ ቫይረስ ሥራ ነው፣ ከወፍ ጉንፋን ጋር አንድ አይደለም። የዱር ወፍ አያመጣም ብዬ አልምልም። ዋናው መንገዱ ግን ገበያ ነው። አንድ ቤት ፈንግል ሲገባ ባለቤቱ ምን ያደርጋል? «ሳትሞትብኝ ልሽጣት» ብሎ ቅዳሜ ገበያ ይወስዳታል። የገዛው ሰው እግሯን አስሮ፣ ዘቅዝቆ ይዞ፣ ምናልባትም በሚኒባስ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ይወስዳታል። ለበዓል ሰሞን ደግሞ የዶሮው ጉዞ ይብሳል። የጣና ዳክዬ የእህትህ ቤት ገብቶ አያውቅም ይሆናል፣ የገበያ ዶሮ ግን በየሳምንቱ ይገባል።

የገዛቻትን ዶሮ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ለብቻ ታስቀምጥ። ክትባቱን በሽታው ከመግባቱ በፊት ታስከትብ፣ ከገባ በኋላ አይሆንም። በዓይን ጠብታ የሚሰጥ ሙቀት የሚችል ክትባት አለ፣ በየሦስት እስከ አራት ወሩ ይደገማል። የሞተችውን ትቅበር፣ ለውሻ አትጣል፣ ወንዝም አትጣል። ዶሮዎቹም ዳክዬ ከሚያርፍበት ውሃ እንዳይጠጡ ብታደርግ ጥሩ ነው።

መምህር ከሞጣ፦

ጣና ዳር ያለው ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም የኛ አገር ይሄን ነገር ከማንም በላይ ከፍሎበታል። ታሪክ ነው የማስተምረው።

የክፉ ቀንን ነገር ከአያቶቻችን ሰምተናል። በሬ አልቆ ሰው በዶማ የቆፈረበት፣ ከብትም ሰውም ያለቀበት ዘመን። ያ ሁሉ የጀመረው በከብት ደስታ በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1887 እና 88፣ በኛ 1880 ዓ.ም. ገደማ፣ ጣሊያኖች ምፅዋ ላይ ለሠራዊታቸው ከህንድ ከብት አስመጡ። በሽታው አብሮ በመርከብ መጣ። ከኢትዮጵያ ከብት ከመቶ 90 ያህሉ አለቀ ይባላል። ከዚያ ቁልቁል ወረደ፣ አሥር ዓመት ባልሞላ ጊዜ ደቡብ አፍሪካ ደረሰ። በየመንገዱ ጎሹ፣ ቀጭኔው፣ አጋዘኑ ረገፈ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው በሽታውን የሚያቆየው የዱር እንስሳ ነው ብሎ ያምን ነበር። ምሥራቅ አፍሪካ ሴሬንጌቲ ላይ እውነቱ ታየ። በፓርኩ ዙሪያ ያሉት የአርብቶ አደር ከብቶች እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ60ዎቹ ሲከተቡ በሽታው ከዱር እንስሳቱም ጠፋ። የዱር እንስሳቱን የከተባቸው የለም። ዊልደቢስት የሚባለው ሣር በል የዱር እንስሳ መንጋ ከሩብ ሚሊዮን ተነስቶ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሆነ፣ እሱም በየዓመቱ መቶ መቶ ኪሎ ሜትሮችን የሚጓዝ መንጋ ነው። ከኛ ከብት ነበር የሚይዘው። እ.ኤ.አ. በ2011 በሽታው ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ፤ ከፈንጣጣ ቀጥሎ ሁለተኛው መሆኑ ነው። የጠፋው በከብት ክትባት ነው፣ አንድም ጎሽ ሳይገደል መጥፋት ይችል ነበር።

ጮቄ ግርጌ፣ ለሰፈሩ ሰው ስታነብ ይሄኛውን መጀመሪያ አንብብላቸው። ክፉ ቀን ሲባል የማይሰማ ጎጃሜ የለም።

ጮቄ ግርጌ (ጠያቂ)፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ትናንት ማታ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አነበብኩላቸው። የመርዙ ነገር ቀርቷል፣ እሱ ላይ ተስማምተዋል። አደኑን ግን አሁንም እንውጣ የሚሉ አሉ፤ ገና አላለቀም። የመምህሩን ታሪክ ሲሰሙ አንድ አባት «ከብታችንን ከአውሬ ስንጠብቅ አውሬውንም ከከብታችን መጠበቅ ኖሯል» አሉ፣ ከዚያ በኋላ ክርክሩ ረገብ አለ።

አሁን የሚያስቸግረኝ ይሄ ነው። ዶክተር፣ ታች መንደር ያለውን ውሻ ማስከተብ ይቻላል። ላይ ያሉት እረኞች ግን ውሾቻቸውን ይዘው አይወርዱም፣ ከብቱን ማን ይጠብቅላቸዋል? ቡችላውስ? «ለትንሽ ውሻ አይሰጥም» ይላሉ።

የከብት ሐኪም ከማርቆስ፦

በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው። በደንብ ያሰብክበት ጥያቄ መሆኑ ያስታውቃል። ከነዚያ ላይ ካሉት ውሾች ነው መጀመር ያለብን። ከዱር እንስሳ ጋር የሚገናኙት እነሱ ናቸው፣ ወቅቱ ሲለወጥ ደግሞ ወርደው ከመንደሩ ውሻ ጋር ይቀላቀላሉ። የባሌው መተላለፊያ ላይ እንደተደረገው፣ እናንተ ጋ መተላለፊያው የእረኛው በረት ነው።

እነሱ ካልወረዱ ክትባቱ ይወጣል። በበረዶ ሳጥን ተይዞ፣ በጠዋት፣ ከብቱ ሳይሰማራ በፊት። ማታ በረት የሚያድሩትን ሁሉ አንድ ላይ ማግኘት የሚቻለው ያኔ ነው። ቡችላም ይከተብ፣ ከሦስት ወር በታች ያለውም ጭምር፤ ይሄ «ለትንሽ አይሰጥም» የሚባል ወሬ ብዙ ቦታ ጎድቶናል። የተከተበውን በቀለም ወይም አንገቱ ላይ በሚታሰር ጨርቅ ምልክት አድርጉበት። ከአካባቢው ውሻ ከመቶ 70 ያህሉ ከተከተበ በሽታው የሚተላለፍበት እያጣ ይከስማል። ግን በየዓመቱ መደገም አለበት፣ አዲስ ቡችላ ስለሚወለድ።

አንድ ነገር ደግሞ ለቀበሌው ንገር። ጤነኛ የሚመስል ውሻ ሰው ከነከሰ ቶሎ አትግደሉት። አስራችሁ 10 ቀን ጠብቁት፣ የተነከሰው ሰው ግን ሳይጠብቅ ክትባቱን ይጀምር። በ10 ቀን ውስጥ ውሻው ካልታመመና ካልሞተ በነከሰበት ጊዜ ምራቁ ውስጥ ቫይረሱ አልነበረም ማለት ነው። ያበደ ውሻ ሲገደል ደግሞ ጭንቅላቱን አትምቱ፣ ለምርመራ የሚፈለገው አንጎሉ ነው። በባዶ እጅ አትንኩት። ባለሙያ ናሙና ከወሰደ በኋላ ጅብ የማያወጣው ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ቅበሩት።

ላይ ስንት በረት እንዳለና በየበረቱ ስንት ውሻ እንዳለ ወጣቶቹ ቅዳሜ ወጥተው ቆጥረው ቢመጡ ክትባቱን ስንጠይቅ ቁጥሩ በእጃችን ይሆናል። ሞቶ የተገኘ ቀበሮ ወይም ጅብ ካዩም ሳይነኩ ቦታውን ይንገሩን።

አባይ ማዶ፦

ለቆጠራው እኔም እመጣለሁ። ከበረቶቹ ሁለቱ የአጎቶቼ ናቸው፣ መንገዱን አውቀዋለሁ።